ለሎንዶን የማይወጣ፥ ለሐርጌሳ የሚወጣ ጋላክሲ

ታላቅ መሣሪያ ያለው ሁሉ ታላቅ ነገር ያያል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ሰማይን ለሚመለከት ሰው ግን ከመሣሪያው ትልቅነት አስቀድሞ የቆመበት ስፍራ ይጠየቃል። ለዚህም ሴንታውረስ ኤ የተባለውን ጋላክሲ ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

ጋላክሲ ማለት እንደ ማኅበር ተሰብስበው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ከዋክብት ናቸው። ይህኛው ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን ጕዞውን የጀመረው ሰው ከመኖሩ በፊት ነው። መልኩም እንግዳ ነው፤ በብርሃኑ ወገብ ላይ ጥቁር የአቧራ መቀነት ታጥቋል። መቀነቱ ቀድሞ የዋጠው የሌላ ጋላክሲ ትራፊ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሃልተን አርፕ በ1966 (እ.ኤ.አ.) መልካቸው ከተለመደው የወጣ ጋላክሲዎችን በ338 ቁጥሮች ሲመዘግብ፥ ይህን 153ኛ አድርጎታል።

በሎንዶን የሚኖር ባለጠጋ የቱንም ያህል ውድ ቴሌስኮፕ ቢገዛ፥ ይህ ጋላክሲ ከአድማሱ በላይ ከቶ አይወጣለትም። በሐርጌሳ ግን በደቡብ በኩል 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ከእንጦጦም እንዲሁ ይታያል።

እኛም በአሕመድ ዳጋህ ሰፈር፥ በአንድ ወዳጃችን ጣራ ላይ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሞክረናል። ሚያዝያ ደመና ስለሚያመጣ፥ የየካቲትን ደረቅ ሰማይ መርጠን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተነሣን። በመጀመሪያው ሌሊት ያገኘነው የከዋክብት ጭረት ብቻ ነበር። ምድር ስለምትዞር ቴሌስኮፑ ከዋክብትን መከተል አለበት፤ ለዚህም ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ይቃናል። ያ ኮከብ በሐርጌሳ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፥ የጎረቤት ግንብ ጋርዶን ነበር። በማግሥቱ ስፍራ ለውጠን አቃናን። የመንገድ መብራትም ደካማውን ብርሃን እንዳይውጥብን፥ በአንድ ረጅም ፎቶግራፍ ፈንታ ብዙ አጫጭር አንሥተን በኮምፒዩተር አዳበልን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ጥቁሩ መቀነት ቀስ በቀስ ተገለጠ።

ይህ ድካም ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ኤቫንስ የተባለ አውስትራልያዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፥ በትርፍ ጊዜው ሰማይን ሲመለከት በዚሁ ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳ ኮከብ አገኘ። አዲሱን የለየው የቀድሞውን መልክ ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ሥዕላችንን ቀኑን ጽፈን ለልጆቻችን እናኑረው፤ ነገ አዲስ ብርሃን ቢታይ የሚመሰክረው የዛሬው ፎቶግራፍ ነውና።