ናሙና፤ የመናፈሻን አፈር ስለ መመርመርና ስለ ፈቃዱ

በከተማ መናፈሻ ውስጥ ሕፃናት ሲጫወቱ የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሣሩ ልምላሜና በአበባው ኅብር ላይ ነው፤ ከሣሩ ሥር ያለው አፈር ትናንት የጋራዥ ግቢ ይሁን ወይም የቆሻሻ መጣያ፥ የክረምት ሙላት ያመጣው ደለል ይሁን ወይም ከሌላ ሰፈር በመኪና ተጭኖ የመጣ፥ ይህን የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ በሁላችን ፈንታ የሚጠይቅ፥ ነገር ግን ክብሩን ያላገኘ አንድ ትሑት ሥራ አለ፤ እርሱም አፈርን ቆፍሮ፥ አሽጎ፥ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ለላቦራቶሪ የሚያስረክበው የናሙና አወሳሰድ ጥበብ ነው።

የሥራው ሀሁ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ያህል አፈር ይወሰዳል፤ በጥላ ይደርቃል፥ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፥ በአሲድ ይሟሟል፥ ከዚያም የያዘው የእርሳስ፥ የክሮምና የካድሚየም መጠን በመሣሪያ ይነበባል። እነዚህ ብረቶች እንደ ቅጠልና እንደ ፍግ የሚበሰብሱ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ከተዋሐዱ ለልጅ ልጅ ይቆያሉ። ለመኪና ቤንዚን እርሳስ መጨመር በመላው ዓለም ያበቃው ገና በ2013 ዓ.ም. አልጄሪያ ስታቆም ነውና፥ ጢሱ ለብዙ ዘመን ያረፈበት የመንገድ ዳር አፈር ዛሬም ያንኑ እርሳስ እንደ ተሸከመ ነው። ሕፃን ደግሞ እጁን ከአፈር ወደ አፉ ያመላልሳል፤ እርሳስም ምልክቱ በገሃድ ሳይታይ አእምሮውን ይጎዳል።

በስማዳ፥ በጋይንትና በእስቴ ወረዳዎች ገበሬው ከአፈር ምርመራ ጋር የተዋወቀው በእርሻው ምክንያት ነው። በ2004 ዓ.ም. የአገሪቱን የአፈር ለምነት በካርታ የማስፈር ሥራ ተጀምሮ፥ ኋላም ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ድኝ ባለበት በኤን.ፒ.ኤስ. እንዲተካ የሆነው ከየማሳው በተሰበሰበ ናሙና ነው። የግብርና ባለሙያው ማሳውን እየተጠማዘዘ ያቋርጣል፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ከሚሆን ሥፍራ የላይኛውን ሃያ ሳንቲ ሜትር አፈር እያወጣ በአንድ ባልዲ ይቀይጣል፤ የተቀየጠውንም ለአራት ከፍሎ ሁለቱን እየጣለ አንድ ኪሎ እስኪቀረው ድረስ ያሳንሰዋል። ይህን ሲያደርግ የፍግ ክምሩን፥ የአመድ መድፊያውን፥ የአጥሩን ጥግና የከብቱን መሄጃ ሆን ብሎ ይዘላል። በስማዳ፥ በወገዳ ከተማ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን ሲመለከቱ ቆይተው፥ «ልጄ፥ አመድ መድፊያውንስ ስለ ምን ዘለልኸው?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ወጣቱም «አባቴ፥ እሱን ከጨመርንበት የማሳው ጠባይ አይታወቅም» ብሎ በትሕትና መለሰላቸው። ሽማግሌው ግን በዚህ አልረኩም፤ «እንግዲያ እሱን ማን ያየዋል?» አሉ።

ለእርሻ የወጣቱ መልስ ፍጹም ትክክል ነው። ለመናፈሻ ግን የሽማግሌው ጥያቄ ይበልጣል፤ ይህንንም ልዩነት ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲስቱት አይቻለሁና በዝርዝር ልግለጸው። ገበሬው የሚፈልገው የማሳውን አማካይ ጠባይ ነው፤ ማዳበሪያውን የሚበትነው በማሳው ሁሉ ላይ ነውና። የብክለት መርማሪ የሚሻው ግን ያንን የተዘለለውን ጥግ ነው። አንድን መናፈሻ ከአሥር ሥፍራ ቆፍረን፥ በዘጠኙ ጉድጓድ በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም እርሳስ፥ አሮጌ የመኪና ባትሪ ይሰበርበት በነበረው በአሥረኛው 1,000 ሚሊ ግራም አለ እንበል። አሥሩን እኩል በአንድ ባልዲ የቀየጠ ሰው ላቦራቶሪው 118 ብሎ ይመልስለታል። አሜሪካ በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት መጫወቻ ገላጣ አፈር የወሰነችው ልክ 400 ነበረና፥ ሰውየው መናፈሻው ነጻ ነው ብሎ በማኅተም አረጋግጦ ይሄዳል፤ ልጁ ግን ከልኩ ሁለት እጥፍ ተኩል በሆነው ጥግ ተቀምጦ አፈር ይዝቃል። ጥልቀቱም እንዲሁ ነው፤ ሕፃኑ የሚነካው የላይኛውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ፥ እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ የቀየጠ መርማሪ ላይ ያረፈውን መርዝ ከታች ባለው ንጹሕ አፈር ያቀጥነዋል።

ስለዚህ ደገኛ መርማሪ መቆፈሪያውን ከማንሣቱ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠይቃል፤ ወፍጮ ቤቱ የት እንደ ነበረ፥ የሞተር ዘይት የት ይደፋ እንደ ነበረ፥ ቆሻሻው የት ይቃጠል እንደ ነበረ ይጽፋል፤ መናፈሻውን እንደ ታሪኩ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ናሙና ይወስዳል። ጥንቃቄ የጎደላቸውን ግን ልገሥጽ። በዚንክ በተለበጠ ባልዲ አፈር ሰብስቦ ዚንክን መመርመር፥ ቀለም በተቀባ አካፋ ቆፍሮ እርሳስን መፈለግ፥ መቆፈሪያውን ሳያጥቡ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ መዝለል፥ የሚተን ዘይት ያለበትን አፈር በጠርሙስና በቅዝቃዜ ከመጠበቅ ይልቅ በላስቲክ ከረጢት ለፀሐይ ማስጣት፥ እነዚህ ሁሉ ድካምን በከንቱ የሚያስቀሩ ናቸው። ናሙናው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ በስንት ሰዓት እንደ ተላለፈ ካልተጻፈም በዳኛ ፊት ምስክርነቱ የደከመ ይሆናል።

ይህ ሥራ በአዲስ አበባ ምን ያህል እንደሚያሻ ሁለቱ የአቃቂ ወንዞች ይመሰክራሉ። ከላይ ካሉት ተራሮች ግርጌ ተነሥተው፥ የከተማውን ፍሳሽ፥ የቆዳ ፋብሪካውንና የሌላውንም ኢንዱስትሪ ዝቃጭ ተሸክመው እስከ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በዳራቸውም ለብዙ ዘመን ሰላጣና ቆስጣ ሲለማ ኖሯል። ፍሥሐ ኢታና የተባሉት ምሁር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ አትክልቶች ውስጥ ያለውን የብረት መጠን መርምረዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የወንዝ ዳር ወደ መናፈሻ የሚለውጥ ሸገርን የማስዋብ ሥራ ታወጀ፤ ከዚያም በኋላ የኮሪደር ልማት የተባለው የከተማ እድሳት ሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ደረሰ። ወንዝ ዳርን መናፈሻ ማድረግ እጅግ የምደሰትበት ሥራ ነው፤ ደለሉን መመርመርም የዚያው ሥራ መጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል።

ሕጉ ከምንገምተው ይልቅ ለጋስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የመንግሥት ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ቦታ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ እንደ ተነካ ሳያስረዳ አቤቱታ እንዲያቀርብ፥ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010ም በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በኪሎ ግራም ከ90 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ወስኗል፤ የዥዋዥዌው ብረት የተቀባው ቀለም ከዚህ ልክ ጋር መመዘን አለበት ማለት ነው።

ችግሩ ተማሪ ወይም የሰፈር ማኅበር በራሱ ወጪ ልመርምር ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ይመጣል። ለአንዲት ተማሪ ደብዳቤ ላስጽፍ አብሬያት የሄድሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፥ «ሣሩን አታዩትም ወይ? የታመመ አፈር እንዲህ ያበቅላል?» ብሎ መልሶናል። ሣር ግን እርሳስ ባለበት አፈር ላይ ለምልሞ ሊበቅል ይችላል፤ ልምላሜ የንጽሕና ማስረጃ አይደለም። ፈቃድ መስጠትም በራስ ላይ ክስ መመሥረት አይደለም። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ያወጣ የነበረ ፋብሪካ በ1956 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ፥ በ1975 እ.ኤ.አ. ቦታው መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. አፈሩ መበከሉ ስለ ታወቀ ለምርመራ ለጊዜው ተዘጋ። ከተማው በዚህ አላፈረም፤ የተበከለውን እያጸዳ፥ በንጹሕ አፈር እየሸፈነ መናፈሻውን እንደገና ለሕዝብ ከፈተ፤ ዛሬም ሰው ይዝናናበታል።

እንግዲህ ከላይ ባነሣኋቸው ወረዳዎች ያለው የወገዳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፥ የነፋስ መውጫውም የመካነ ኢየሱሱም፥ ለመናፈሻ ቦታ ሲከልል ሣሩን ከማልበሱ በፊት መርማሪ ያስገባ፤ በራሱ የሚመረምርበት አቅም ቢያጣ ለሚመረምረው ተማሪ የፈቃዱን ደብዳቤ ሳያጓትት ይጻፍለት፤ ውጤቱም እያንዳንዱ ጥግ በየራሱ ቁጥር፥ ሁሉ ሊያነበው በሚችል አማርኛ ተጽፎ፥ በመናፈሻው በር ላይ ይለጠፍ ዘንድ እለምናለሁ።