የቀን መብራት ሲደበዝዝ፦ አምፖል ከመግዛት በፊት

ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው መንገድ እንፍራንዝ ላይ ቆሞ የመኪናው የቀን መብራት መደብዘዙን ያየ ሹፌር ቶሎ የሚያስበው አምፖል መግዛትን ነው። ወጪው ግን ከንቱ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ መኪኖች ቀን ላይ የረጅም መብራቱን አምፖሎች በአነስተኛ ኮረንቲ ያበራሉ። ማታ ረጅሙ መብራት ደምቆ ከበራ ብልሽት የለም። የደበዘዘው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ የዚያው ወገን ማሳ አለመዛጉንና የመብራቱ ሽፋን አለመጨለሙን ማየት ይበጃል።

ሁለቱም ሲደበዝዙ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው በቴስተር ይለካል። የ12 ቮልት ባትሪ ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያሳያል። ከ13 በታች ከወረደ የሚጠረጠረው ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ነው። ይህን ትቶ አምፖል ብቻ የለወጠ ገንዘቡን ያጠፋል፤ ባትሪው ሲያልቅም ጎንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።