ስለ ድምፅ ቅንብር ሥራ አጠባበቅ
(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤታችሁ፤ በትርፍ ሰዓታችሁ ፖድካስት የተባለውን የድምፅ ዝግጅት የምትሠሩትን ወይም ለመሥራት የምታስቡትን ሁሉ የሚመለከት ነው። ድምፅ እንዴት እንደሚቀረጽና እንዴት እንደሚቀናበር የሚያስተምር ሰው ብዙ ነው። የተቀናበረው ሥራ ሳይጠፋ እንዴት እንደሚቆይ የሚነግር ግን ጥቂት ነው። እኔም ይህን ነገር የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጉዳት ስለሆነ፤ የደረሰብኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ የባቡር ሐዲድ ጡረተኛ ድሬዳዋ ላይ አግኝቼ ለሦስት ቀን አነጋገርኋቸው። ሽማግሌው ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያሉትን ጣቢያዎች አንዱንም ሳይዘሉ በቃላቸው ይደረድሩ ነበር። የባቡሩንም ፉጨት በአፋቸው ሲያስመስሉ፤ በጓሮ የተቀመጡት የልጅ ልጆቻቸው ሥራቸውን ትተው ይስቁ ነበር። ከዚህ ሁሉ አምስት ሰዓት ያህል ድምፅ አገኘሁ፤ በአራት ክፍልም ከፍዬ ማቀናበር ጀመርሁ። የመጀመሪያው ክፍል ተጠናቅቆ ለአድማጭ ቀረበ። በዚህ መካከል ኮምፒዩተሬ እየዘገየ ስላስቸገረኝ ተጠርጎ እንደ አዲስ እንዲጫን ለባለሙያ ሰጠሁት። ከመስጠቴም በፊት የአራቱንም ክፍሎች ፕሮጀክት በፍላሽ ላይ ገልብጬ፤ ፍላሹን በኪሴ ይዤ፤ በሙሉ ልብ ወጣሁ።

ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ፕሮጀክቱን ብከፍተው መስመሮቹ በየቦታቸው ተሰልፈዋል፤ ድምፅ ግን የለም። የመቅረጫውን የማስታወሻ ካርድም፤ «ኮምፒዩተር ላይ አለልኝ» ብዬ ለሌላ ሥራ ተጠቅሜበት ነበር። ወደ ድሬዳዋ ደውዬ እንደገና እንዲያነጋግሩኝ ለመለመን ሳስብ፤ ሽማግሌው ካረፉ አርባቸው መውጣቱን ሰማሁ።

ጥፋቱ ምን ነበር? በቴፕ ዘመን የነበሩት ባልደረቦቻችን ቴፑን በምላጭ ቆርጠው በማጣበቂያ ሲቀጥሉ፤ ሥራው በእጃቸው የሚዳሰስ ነገር ነበር። ጥቅልሉን የያዘ ሰው ድምፁን ይዟል ማለት ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራው ቅንብር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፕሮጀክት የሚባለው ነገር በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዘንድ ድምፅ ሳይሆን መመሪያ ነው። «ከዚህ ፋይል ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምረህ አሰማ፤ እዚህ ላይ ቁረጥ፤ እዚህ ላይ ሙዚቃውን ዝቅ አድርግ» የሚል ጽሑፍ ነው። ድምፁ የተቀመጠው በሌላ ቦታ ነው። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። የመዝገብ ቤቱን መግቢያ ደብተር ብቻ ይዞ ወጥቶ፤ ፋይሎቹን በመደርደሪያ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው። ደብተሩ ፋይሉ በየትኛው ሣጥን እንዳለ በትክክል ይናገራል፤ ሣጥኑ ግን የለም።

እኔ እሠራበት የነበረው ኦዳሲቲ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሦስተኛው እትም እስኪወጣ ድረስ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ትንሽ የፕሮጀክት ፋይልና ከጎኑ አንድ የድምፅ ፎልደር ይፈጥር ነበር። በፎልደሩም ውስጥ ድምፁ በብዙ መቶ ቁርጥራጭ ፋይሎች ተበታትኖ ይቀመጣል። እኔ በስሙ የማውቀውን ትንሹን ፋይል ገልብጬ ፎልደሩን ተውሁት። ከሦስተኛው እትም ወዲህ ግን ሁሉም በአንድ ፋይል ተጠቃልሏል። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ተማምኖ መተኛት አይገባም። ሪፐርና አዶቤ ኦዲሽን የተባሉት ፕሮግራሞች ዛሬም ቢሆን ፕሮጀክቱን ከድምፁ ለይተው ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ፎልደር ከፍቶ፤ ጥሬውን ድምፅ፤ ሙዚቃውን፤ ፕሮጀክቱንም በዚያው ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። ሙዚቃውን ከ«ዳውንሎድ» ፎልደር፤ ቃለ ምልልሱን ከፍላሽ እየጎተቱ የሚያስገቡ ሰዎች፤ ፍላሹ የተነቀለ ዕለት መስመራቸው ባዶ ይሆናል። በሪፐር ፕሮጀክቱን በሌላ ስም ሲያስቀምጡ የድምፅ ፋይሎቹን ሁሉ አብሮ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር እንዲገለብጥ የሚያዝዝ ምርጫ አለና እሱን መጠቀም መልካም ነው።

ስለ አዲሱ ኦዳሲቲ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮጀክቱ ተከፍቶ እየተሠራበት ሳለ ፋይሉን መገልበጥ አይገባም። በዚያን ጊዜ ከሥራው አንዳንዱ ገና ወደ ዋናው ፋይል ሳይገባ፤ በጎኑ በሚፈጠር ጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ሊኖር ይችላል። አስቀድሞ መዝጋት፤ ከዚያ በኋላ መገልበጥ ነው። ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ቅጂ እንዲያወጣ በፕሮጀክት ማስቀመጫው ዝርዝር ውስጥ ያለውን የመጠባበቂያ ትእዛዝ መጠቀም ይቻላል። መብራት በድንገት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ቢዘጋ፤ ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት የተቋረጠውን ሥራ ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዲስኩ ለተበላሸበት ወይም ኮምፒዩተሩ ለተሰረቀበት ሰው ግን አይጠቅምም።

ብዙዎች፤ «ቦታ የለኝም» የሚል ምክንያት ያቀርባሉ። እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፤ በ16 ቢትና በሁለት መስመር የተቀረጸ ድምፅ ለአንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ኦዳሲቲ እንደ ልማዱ የሚሠራበት የ32 ቢት አሠራር ይህን በእጥፍ አሳድጎ ወደ 1.27 ጊጋባይት ያደርሰዋል። ያው አንድ ሰዓት በ128 ኪሎቢት ወደ ኤም.ፒ.3 ሲለወጥ ከ58 ሜጋባይት አይበልጥም። ይህን ልዩነት ያዩ ሰዎች፤ ኤም.ፒ.3ቱን አስቀርተው ጥሬውን ይደመስሳሉ። ኤም.ፒ.3 መጠኑን የሚቀንሰው ከድምፁ እየጣለ ነው፤ የተጣለውም ተመልሶ አይገኝም። ቦታ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ፍላክ የተባለውን አሠራር ይምረጥ፤ እሱ ከድምፁ ምንም ሳይጥል መጠኑን ይቀንሳል። ጥሬውን ቅጂ በዌቭ ወይም በፍላክ ማቆየት፤ ኤም.ፒ.3ን ለአድማጭ መላኪያ ብቻ ማድረግ ይገባል።

ስለ መጠን ካነሣን አይቀር፤ ፋት32 በተባለው አሠራር የተሰናዳ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም ፕሮጀክት ለመገልበጥ ሞክራችሁ፤ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ፍላሹን ኤክስፋት በተባለው አሠራር እንደገና ማሰናዳት ነገሩን ይፈታዋል፤ ነገር ግን ማሰናዳት በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚህ ሙያ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፤ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ ይላል። ለእኛ ኑሮ እንዲስማማ አድርገን ብንተረጉመው፤ አንደኛው የምንሠራበት ኮምፒዩተር ነው። ሁለተኛው ለዚሁ ብቻ የተገዛ የውጭ ሀርድ ዲስክ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ተሰክቶ፤ ተገልብጦበት፤ ወዲያው ይነቀላል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ኮምፒዩተሩን የያዘው ቫይረስ እሱንም ይይዘዋል። ሦስተኛው በእኅት ቤት፤ በታማኝ ጓደኛ ዘንድ፤ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከቤት ውጭ የሚለው ትእዛዝ ለምን እንዳስፈለገ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ በዩኒቨርሳል የፊልም ግቢ ውስጥ ቃጠሎ ተነሥቶ፤ የታላላቅ ዘፋኞች ዋና ቅጂዎች የተቀመጡበትን መጋዘን በላ። የጉዳቱ ስፋት ለሕዝብ በሰፊው የተነገረው ከ11 ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ታይምስ ነው፤ ኩባንያው በጉዳቱ መጠን ላይ ተከራክሯል። እንዲህ ያለ ሀብታም ድርጅት መጋዘኑን ከእሳት ማዳን ካልቻለ፤ የእኛ አንድ ክፍል ቤት እንዴት ይሆናል?

ፍላሽ ግን የማስቀመጫ ቦታ አይደለም፤ የመላላኪያ ዕቃ ነው። ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዞር፤ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው የአቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጥ ቫይረስ ይዞ እንደሚመለስ የማያውቅ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። በፍላሹ ላይ እንደተሰካ ማቀናበርም አይገባም፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ዲስክ ገልብጦ መሥራት ነው።

በኢንተርኔት ስለሚገኙት ማስቀመጫዎች ብዙ ሰው የተሳሳተ አስተያየት አለው። ጎግል ድራይቭ ያለ ክፍያ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ይህም ከኢሜይሉና ከፎቶግራፉ ጋር የሚካፈሉት ነው። ነገር ግን ከኮምፒዩተሩ ፎልደር ጋር እየተያያዘ የሚሠራ ማስቀመጫ መስተዋት እንጂ ሣጥን አይደለም። በኮምፒዩተራችሁ ላይ የሰረዛችሁት ከዚያም ይሰረዛል። በጎግል ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ቆይቶ ከዚያ በኋላ ለዘለዓለም ይጠፋል። በተጨማሪም ኦዳሲቲን እንዲህ ባለ ፎልደር ውስጥ ከፍቶ መሥራት ፋይሉን ሊያበላሸው ይችላል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሊልክ ስለሚሻማ ነው። ሥራው ካለቀና ከተዘጋ በኋላ ቅጂውን መላክ ግን ጥሩ ነው። ቴሌግራምም ለራስ በሚላክበት ቦታ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ያለ ክፍያ ይቀበላል። በፋይልነት ይላክ እንጂ በስፒከር ፊት አስጩኾ በድምፅ መልእክት መልክ መቅዳት፤ አንድ ባልደረባዬ እንዳደረገው፤ ራስን መጉዳት ነው።

የመሥሪያ ቤት ሥራ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይለያል። ባለጉዳዮች የሰጡትን ቃል፤ ስማቸውንና ችግራቸውን የያዘ ቅጂ በግል የኢንተርኔት ሣጥን ውስጥ ማኖር ለሠራተኛው አልተፈቀደለትም ብሎ ማሰብ ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። እንዲህ ያለውን ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ላይ፤ በቁልፍ ተዘግቶ፤ በኃላፊው ዕውቅና ማስቀመጥ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ቅጂው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ማየት ነው። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የሥዕል ፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም እየሠራ ሳለ፤ አንድ የመሰረዣ ትእዛዝ በስሕተት ተሰጥቶ የፊልሙ ፋይሎች በዐይናቸው ፊት ይጠፉ ጀመር። ወደ መጠባበቂያው ቢሮጡ፤ መጠባበቂያው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በደንብ ይሠራ እንዳልነበረ ተረዱ። ያዳናቸው ጌሊን ሳስማን የተባለችው የሥራው ቴክኒክ ኃላፊ ናት። ሕፃን ወልዳ በቤቷ ሆና ስትሠራ የፊልሙ ቅጂ በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ ነበራት። ኮምፒዩተሩንም እንደ ሕፃኑ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት። የሚያስቀው ነገር፤ ያን ሁሉ ደክመው ያዳኑትን ፊልም ከጊዜ በኋላ ታሪኩን ስላልወደዱት አብዛኛውን እንደገና ሠሩት።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት ቢሆን ለማስታወስ ይቀላል፤ ከውጭ ዲስኩ አንድ አሮጌ ፕሮጀክት ወደ ሌላ ኮምፒዩተር አምጥታችሁ ክፈቱ። በስም ማየት አይበቃም፤ መጀመሪያውን፤ መካከሉንና መጨረሻውን አዳምጡ። ፕሮጀክቱ ባለቀ ጊዜም እያንዳንዱን መስመር፤ ተናጋሪውን ለብቻ፤ ሙዚቃውን ለብቻ፤ ሁሉም ከአንድ መነሻ እንዲጀምሩ አድርጋችሁ በዌቭ አውጡ። ፕሮግራሞች ያረጃሉ፤ አዲሱ የኦዳሲቲ ፕሮጀክት በሁለተኛው እትም አይከፈትም። ዌቭን ግን የማይከፍት ፕሮግራም እስካሁን አልገጠመኝም። ለፋይሉም «የመጨረሻ» ከዚያም «የመጨረሻው መጨረሻ» የሚል ስም ከመስጠት ቀኑን በቁጥር፤ ዓመቱን አስቀድሞ መጻፍ ይበጃል። የተናጋሪውን ስም፤ ቦታውንና የፈቀዱትን ነገር የያዘ አጭር ጽሑፍም በዚያው ፎልደር ይቀመጥ።

የሽማግሌው ልጅ ባለፈው ዓመት ደውላልኝ ነበር። የአባቷን ድምፅ የያዘውን የመጀመሪያውን ክፍል በስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። «የባቡሩን ፉጨት ለብቻው ልታወጣልኝ ትችላለህ ወይ? ልጆቹ ይፈልጉታል» አለችኝ። ፉጨቱ ላይ እኔ ራሴ ለማሳመር ብዬ ክራር ደርቤበት ነበር። ክራሩና አባቷ በአንድ ኤም.ፒ.3 ተቀላቅለዋል፤ ብዙ ሌሊት ሞከርሁ፤ ክራሩ በቀነሰ ቁጥር ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል። ያገኘሁትን ላክሁላት።