የቫይረስና የጥገኛ ተውሳክ ጥምር ኢንፌክሽን

የቫይረስና የጥገኛ ተውሳክ ጥምር ኢንፌክሽን የሚባለው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለቱም ሲያዝ ነው። ጥገኛ ተውሳክ ሲባል እንደ ወስፋት ያሉትን የአንጀት ትሎች፣ እንዲሁም ወባንና ካላዛርን የሚያመጡትን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይጨምራል። አንዱ የሰውነትን መከላከያ ሲያዛባ ለሌላው መንገድ ሊከፍት ይችላል። በኢትዮጵያ በሰፊው የተጠናው ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ጥምር ኢንፌክሽን ነው።

ትል፣ ወባና ቫይረስ

ሰውነት ቫይረስንና ትልን የሚዋጋበት መንገድ ይለያያል። ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ስለሚራባ የተያዘውን ሕዋስ መግደል ያስፈልጋል፤ ይህን ምላሽ የሚያጠናክሩት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚያመነጩት የአንደኛው ዓይነት ረዳት ቲ ሕዋሳት ናቸው። ትል ግን በነጭ የደም ሕዋስ ተውጦ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ የሁለተኛው ዓይነት ረዳት ሕዋሳት አንጀት ንፍጥ እንዲያመነጭና ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ ያደርጋሉ። ችግሩ፣ አንዱ ምላሽ ሲበረታ ሌላውን ይገታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ትል የሚቀሰቅሰው ኢንተርሉኪን 4 ተደብቆ የቆየ የኸርፐስ ወገን ቫይረስን ዳግም እንደሚያስነሳ አሳይቷል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉት የሐዲያና የከምባታ ቀበሌዎች የእንሰት ጓሮ አፈር እርጥብና ጥላ ያለው ነው። የወስፋት እንቁላል እንዲህ ባለ አፈር ለወራት ሳይሞት ይቆይና ባልታጠበ እጅ ወይም በጥሬ አትክልት ወደ አፍ ይገባል። ወደ ባደዋቾና ወደ ቢላቴ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ወባ አለ። የወባ ትኩሳት ቲ ሕዋሳትን ያነቃል፤ ኤች.አይ.ቪ. የሚራባው ደግሞ በተለይ በነቁት ውስጥ ነው። በዚህ የተነሳ ወባ በያዘው ሰው ደም ውስጥ የቫይረሱ መጠን ለጊዜው ይጨምራል።

ትልን ማከም ኤች.አይ.ቪ.ን ያዳክማል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ትላቸው በመድኃኒት በወጣላቸው ሰዎች ላይ የቫይረሱ መጠን እንደቀነሰ ዘግቦ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሰፊ የኬንያ ጥናት ግን የትል መድኃኒት ትል ላለበትም ለሌለበትም በጅምላ ሲሰጥ የኤች.አይ.ቪ. ሕመም እንደማይዘገይ አመለከተ። ሁለቱ የግድ አይጋጩም፤ ትል የሌለበት ሰው ከትል መድኃኒት የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ.

እጅግ አደገኛው ጥምረት የሚታየው በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በሁመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች አካባቢ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ሜዳ ላይ ሲያድሩ በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ። ዝንቧ የምታስተላልፈው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚኖረው ጀርም ሊገድሉ በተፈጠሩት በማክሮፋጆች ውስጥ ነው። ማክሮፋጅ የዋጠውን ተውሳክ ለመግደል ከረዳት ቲ ሕዋስ ኢንተርፌሮን ጋማ መቀበል አለበት፤ ኤች.አይ.ቪ. የሚያጠፋው ደግሞ ይህንኑ ረዳት ሕዋስ ነው። ሌሽማኒያም በበኩሉ የቫይረሱን መራባት ያፋጥናል።

ምርመራውም ይወሳሰባል። ፈጣኑ የደም ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ሲሆን፣ መከላከያው የተዳከመ ሰው በበቂ መጠን ላያመነጭ ይችላል፤ በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ተውሳኩን ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በሚወሰድ ናሙና መፈለግ ግድ ይሆናል።

ለብቻው ሲሰጥ ሌላውን የካላዛር ሕመምተኛ የሚያድነው መድኃኒት እዚህ አይበቃም። በጎንደርና በአብደራፊ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ላይፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ከሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ፣ ለሚያስፈልጋቸው ሁለተኛ ዙር እየተጨመረ ሲሰጥ፣ በ58ኛው ቀን 88 ከመቶ የሚሆኑት ከተውሳኩ ነጽተዋል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ብቻ በተሰጣቸው ግን ቁጥሩ 55 ከመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ጥምር ሕክምናውን መክሯል። ከዳኑ በኋላም በሽታው ያገረሻል፤ በተለይ የሲዲ4 ሕዋሳቸው ቁጥር ዝቅ ባለባቸው ላይ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ብቻውን ይህን ሙሉ በሙሉ ስለማይከላከል፣ ከሕክምናው በኋላ ካላዛሩ እንዳይመለስ የሚሰጥ መድኃኒት ይቀጥላል።