የመኪና ዕድሜ ሲዋሽ ገዥው ምን መብት አለው?

ያገለገለ መኪና ዋጋው በአብዛኛው የሚቆረጠው በስሪት ዘመኑ ነው። ደላላው «የ2007 ናት» ያላት መኪና የ2003 ሆና ከተገኘች ገዥው ባላገኘው አራት ዓመት ገንዘቡን ከስሯል ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእንዲህ ያለው ገዥ ሁለት መንገድ አስቀምጧል። አንደኛው፣ መኪናው በውሉ የተጠቀሰለትን የማያሟላ ከሆነ ሻጩን በኃላፊነት መጠየቅ ነው። ለዚህም ገዥው መኪናውን እንደተረከበ ማስመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። ካስታወቀ በኋላ ክስ የሚያቀርበው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ተንኮል ነው። ገዥው ባይታለል ኖሮ ውሉን እንደማይፈጽም ካስረዳ፣ በአንቀጽ 1704 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። የጊዜ ገደቡ በአንቀጽ 1810 መሠረት ሁለት ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ማታለሉ ከታወቀ ጀምሮ ነው። ውሉ ሲፈርስ መኪናው ለሻጩ፣ ገንዘቡ ለገዥው ይመለሳል። በውሉ ላይ «መኪናውን እንዳለ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል መኖሩም ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀውን ሻጭ ከኃላፊነት አያድነውም።

ሻጩ ነጋዴ ከሆነና መኪናው ለግል አገልግሎት ከተገዛ፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የዕቃን አዲስነትና ሞዴል በትክክል አለመግለጽን ከልክሏል። ከግለሰብ የገዛ ግን የሚተማመነው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ሕጉ ቢኖርም ማስረጃ የሚያቀርበው ከሳሹ ነው። ደላላው በቃል የተናገረውን በፍርድ ቤት ማስረዳት ያስቸግራል። ውልና ማስረጃም የሚያረጋግጠው ሰነዱንና ፊርማውን እንጂ መኪናው የተሠራበትን ዓመት አይደለም።

ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በመኪናው አካል ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪናዎች ከ17ቱ ምልክቶች 10ኛው የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን አጭር ቁጥር ስላላቸው ዓመቱ ከቁጥሩ በቀጥታ አይነበብም። በደኅንነት ቀበቶው ግርጌ ያለው ጨርቅ ላይ የሚታተመው ቀንም ፍንጭ ይሰጣል።

በመጨረሻም የስሪት ዘመኑ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ በውሉ ላይ ይስፈሩ። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑም አብሮ ይጻፍ፤ ይህ ካልተገለጸ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ለክርክር ይጋለጣል።