ዋልካ ከላንድክሩዘር ሥር እንዴት ይወርዳል?

በሐምሌ ከእነዋሪ ሜዳ ወይም ከበቾ ወጥቶ አስፋልት የያዘ ላንድክሩዘር ከሩቅ ይለያል። የጎማው ጥርስ አይታይም፤ በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል የነበረው ክፍተት በጥቁር ጭቃ ተጠቅጥቋል፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጓል እየወረወረ ይሄዳል። ሾፌሩ ከተማ ሲደርስ ላቫጆ ይገባል። ላቫጆው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥበው ዓይን የሚያየውን ነው፦ በሩን፣ ኮፈኑን፣ መስታወቱን፣ የጎማውን ውጫዊ ገጽ። መኪናውን የሚጎዳው ጭቃ ግን ከሥር እንደተለጠፈ ይወጣል። ጭቃ ማውረድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚጀምረውም አፈሩን ከማወቅ ነው።

ይህን አፈር አንዱ ዋልካ፣ ሌላው መረሬ፣ ሌላው ኮትቻ ይለዋል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በከፍተኛው የአገሪቱ ክፍል ነው። በውስጡ የሚበዛው ደቃቅ ሸክላ ስሜክታይት ከሚባለው የማዕድን ወገን ነው። የስሜክታይት ቅንጣት እጅግ ስስ የሆኑ ንጣፎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው የሚሠሩት ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በንጣፎቹ መካከል ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ አፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተርና መሬቱ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከወገኑ አንዱ የሆነው ሞንትሞሪሎናይት አንድ ግራሙ ብቻ፣ ገጹ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ፣ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በጅማና በከፋ ቀይ አፈር ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት ግን ከጥቂት አሥር ካሬ ሜትር እምብዛም አያልፍም። የመጣበቁ ኃይል ከዚህ ስፋት ይመጣል። ቀዩ ጭቃ ልብስና የመቀመጫ ጨርቅ ላይ ቀለሙን ይተዋል እንጂ ከብረት ላይ ቶሎ ይለቃል። ጥቁሩ ብረቱንም፣ ጎማውንም፣ እርስ በርሱም ይያያዛል።

ጥቁሩን ለማጠብ ጊዜ መምረጥ ከጉልበት ይበልጣል። እርጥብ እንዳለ፣ መኪናው ከጭቃው ወጥቶ ቀዝቀዝ እንዳለ፣ በብዙ ውሃ ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀም ይወርዳል፤ ይህኛውን ብዙ ሰው አይገምተውም። ድርቅ ያለ ጓል ድንገት ውሃ ሲያገኘው ውሃው ከየአቅጣጫው ወደ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይገባል፤ ውስጥ የነበረው አየር መውጫ አጥቶ ይታመቅና ጓሉን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ማየት የፈለገ አንድ የደረቀ የዋልካ ጓል ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይክተት፤ አረፋ እያወጣ ሲፈርስ ያያል። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው፦ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነው። በውስጡ የሚታመቅ አየር ጥቂት ነው፤ ላዩም ውሃ ሲነካው አብጦ ራሱን ስለሚደፍን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ማታ ገብቶ ጠዋት የሚታጠብ መኪና ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ሁኔታ ነው። አጣቢው ያን ጊዜ ግፊት ይጨምራል፤ አልያም ብረት አንስቶ ይፍቃል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መኪናው በዚህ ሁኔታ ከመጣ መላው ማርጠብና መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ወፍራሙ ጓል በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል፤ ብረት ከሆነ ግን ቀለሙንና ፀረ ዝገት ቅቡን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ የቀረው በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይርሳል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይተውና እንደገና ይርሳል። በየዙሩ የላላው ሽፋን ሲወርድ ከሥሩ ላለው መንገድ ይከፍታል። ሣር ማጠጫ የሚሆን በየቦታው የተበሳሳ የጎማ ቱቦ ካለ ከመኪናው ሥር ዘርግቶ ውሃውን ከፍቶ መተው ለአጣቢውም ለመኪናውም ዕረፍት ነው። ሳሙና በዚህ ደረጃ ብዙ አይረዳም፤ ሳሙና የዘይትና የግራሶ ነው። በተለይ የልብስ ኦሞ የመኪናውን ሰም ገፎ ስለሚያወርድ ለቀጣዩ ጭቃ መንገድ ይጠርጋል።

መነካት ያለባቸው ቦታዎች ከውጭ የማይታዩት ናቸው። 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ እርጥብ ጭቃ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አራቱ የጎማ ቤቶችና ሻንሲው የዚህን እጥፍ ተሸክመው መሄድ አያቅታቸውም። ክብደቱ ግን ከጉዳቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። በቸርኬው ውስጠኛ ጎን የተለጠፈ ጭቃ የጎማውን ሚዛን ያዛባና አስፋልት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ስንቱ ሾፌር ጎሚስታ ጋ ሄዶ ባላንስ ያሠራል፤ ቸርኬውን በውስጥ በኩል ቢያጥብ ግን ገንዘቡ በኪሱ ይቀር ነበር። የራዲያተሩ ስስ ክንፎች በጭቃና በሣር ፍሬ ሲደፈኑ ሞተሩ ዳገት ላይ ይሞቃል። ራዲያተር የሚታጠበው በቀላል ግፊት፣ የሚቻል ከሆነ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው፤ ከፊት የሚመታ ኃይለኛ ውሃ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ክንፎቹንም ያጣጥፋል።

ስለ ዲፈረንሻል ትንሽ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በገጠር መንገዶቻችን የተለመደው ላንድክሩዘር 70፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣው ዘር፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ቅርብ ሆኖ በጭቃው ውስጥ ይጎተታል። ሲሠራ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። የሰፋው አየር የሚወጣበት ትንሽ መተንፈሻ ከላዩ አለ። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በፓራውልዮው በኩል ገፍቶ ያፈስሰዋል፤ ብዙ ጋራዥ ፓራውልዮ ቀይሮ የሚመልሰው መኪና ችግሩ የተደፈነ መተንፈሻ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭበት አየሩ ድንገት ይኮማተርና ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ነጣ ብሎ ደፍርሶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። ስለዚህ መኪና ከመንገድ እንደገባ፣ ሳይቀዘቅዝ ውሃ አይነካውም፤ ይህ ለፍሬን ዲስኩም፣ ለሞተሩም ይሠራል። መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ አስረዝሞ ወደ ላይ ማውጣት ደግሞ ርካሽ ሥራ ነው፤ ክረምት ለክረምት ገጠር የሚወጣ መኪና ሁሉ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ኃይለኛ የውሃ ማሽን ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ። ብዙዎቹ ከ100 ባር በላይ ይገፋሉ። አፉ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ሲቀርብ የጎማውን ጎን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። በኩሽኔታና በክሮቼራ ላይ ቀጥታ ከተነጣጠረ ግራሶውን አጥቦ በምትኩ ውሃ ያስገባል። ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹ አይረጩም። ሥር ሥሩ በመጀመሪያ ይታጠባል፤ አካሉ ከዚያ በኋላ ከላይ ወደ ታች። በስፖንጅ ከመታሸቱ በፊት በውሃ ብቻ ይለቀለቃል፤ ከጭቃው ጋር ያለው አሸዋ ቀለሙን ስለሚቧጭር። የሻንሲው ሳጥን ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎችና የበሮቹ ታችኛ ማፍሰሻዎች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፤ እዚያ የቀረ ጭቃ እርጥበቱን ለሳምንታት ይዞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ታጥቦ ሲያበቃ ግራሶ የሚሰጥባቸው ነጥቦች ሁሉ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ይሰጣቸዋል። ከዚያ መኪናው በዝግታ እየሄደ ፍሬኑ ደጋግሞ ይረገጣል፤ እስኪደርቅ።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ፣ ዋልካ ጨርሶ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ነገር የለም፤ የሚጣበቀውን መቀነስና የሚወርደውን ማቅለል ግን ይቻላል። ቀለሙ ላይ የተቀባ ሰም ጭቃው ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል። ለሻንሲው የተሠራ ፀረ ዝገት ቅብ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ በንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ይቀባል፤ ጭቃ ላይ የተቀባ ቅብ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ ሥሩ ላይ መርጨት ግን ይቅር ባይ ነኝ። የላስቲክ ቡሾቹን ያሳብጣል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ በመጀመሪያው ዝናብም ወደ አፈሩ ይወርዳል። የጎማ ጥርስ ሰፊና ርቀት ያለው ሲሆን ሲሽከረከር ጭቃውን ይወረውራል፤ ጠባብ ጥርስ ግን በጥቂት ሜትር ውስጥ ይሞላና ለስላሳ ይሆናል። የጎማ ቤቱ ከተጠቀጠቀ ወርዶ በእንጨት ማራገፍ ይሻላል፤ ነዳጅ መርገጥ ትርፉ ጎማውን ማሰር ነው።

የመታጠቢያው ቦታም ይታሰብበት። ወንዝ ዳር አቁሞ ማጠብ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ግራሶውና ዘይቱ ከታች ለሚቀዳው ሰው ይደርሳል። ጭቃው ደግሞ ዘር ይሸከማል። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በድሬዳዋ አካባቢ የታየው ፓርቴኒየም፣ ቅንጨ አረም የሚባለው፣ አንዱ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ዘሩም በተሽከርካሪ ላይ ተለጥፎ ከወረዳ ወረዳ እንደሚጓዝ የታወቀ ነው። ይኸው አረም ያስቸገራት የአውስትራሊያ ክዊንስላንድ በዚህ ምክንያት በመንገድ ዳር የተሽከርካሪ ማጠቢያ ጣቢያዎችን አዘጋጅታለች። እኛ ዘንድም ብዙ መኪና ያለው መሥሪያ ቤት አንድ የሲሚንቶ ወለልና ጭቃው የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ቢሠራ ውድ አይሆንበትም። ጉድጓዱ ዳር የበቀለውን እንግዳ ቡቃያ ሁሉ ሳያብብ መንቀል ነው።