የቤት ትምህርትና የወላጆች መረዳዳት

ልጅን ማስተማር አስቀድሞ የወላጅ፥ ቀጥሎም የመምህርና የመንግሥት ሥራ መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። በአንዳንድ አገሮች ግን የወላጅንና የመምህርን ሥራ አጣምረው የያዙ፥ ልጆቻቸውንም ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው የሚያስተምሩ አባቶችና እናቶች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ያገኙትን መጽሐፍ፥ ያዘጋጁትን የትምህርት ሥርዓትና የጽሕፈት ልምምድ በበይነ መረብ አማካይነት ለማያውቁት ሰው ልጅ ሳይቀር በነጻ የሚያካፍሉ አሉ። ይህ ልማድ ከምን እንደ ተነሣ፥ ምን ጥቅም እንዳለውና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው መመርመር ለትምህርት ለሚያስብ ሁሉ የሚበጅ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1944 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) የወጣው ሕግ ወላጅ ልጁን በትምህርት ቤት ወይም በሌላ መንገድ እንዲያስተምር ያዝዝ ነበር። «በሌላ መንገድ» የሚለው ቃል አጭር ቢሆንም ለቤት ትምህርት በር ከፈተ፤ በ1996 የወጣውም ሕግ ያንኑ ቃል ጠብቆታል። በአሜሪካ የቤት ትምህርት እስከ 1993 ድረስ በ50ውም ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል። በጀርመን ግን ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ ስላለበት፥ ከጥቂት ልዩ ምክንያት በቀር አይፈቀድም። መንግሥታት በመንገዱ ይለያዩ እንጂ፥ ልጅ ሳይማር እንዳይቀር በመሻት አንድ ናቸው።

የወላጆቹ መረዳዳት በበይነ መረብ የተጀመረ አይደለም። ወይዘሪት ሻርሎት ሜሰን የተባሉ እንግሊዛዊት መምህርት (1842–1923) ስለ ቤት ትምህርት የጻፉትን መጽሐፍ በ1886 ካሳተሙ በኋላ፥ በ1887 ወላጆች የሚተባበሩበት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1890ም መጽሔቱ መውጣት ጀመረ። በ1891 ደግሞ በቤት ለሚያስተምሩ ሰዎች የትምህርቱን ዝርዝርና የፈተናውን ጥያቄ በፖስታ የሚልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአሜሪካም በባልቲሞር ከተማ የነበረው የካልቨርት ትምህርት ቤት በ1906 ትምህርቱን እንዲሁ በፖስታ መላክ ጀመረ።

ዛሬ የፖስታውን ሥራ በይነ መረብ ይሠራዋል። ማይክል ሃርት የተባለ አሜሪካዊ በ1971 የአገሩን የነጻነት ዐዋጅ በኮምፒዩተር ጽፎ ለሌሎች በማካፈል ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ አሁን በዚያ ቤተ መጻሕፍት የደራሲ መብት ጊዜያቸው ያለፈ ከ70,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ያለ ዋጋ ይነበባሉ። በ2005 የተመሠረተው ሊብሪቮክስም እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት በበጎ ፈቃደኞች ድምፅ ያሰማል። ሳልማን ካን በ2004 ለአንዲት የሥጋ ዘመዱ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ ከ2006 ጀምሮም ትምህርቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል እያዘጋጀ ለሁሉ አሰራጨው፤ ካን አካዳሚ የተባለው ድርጅት የተገኘው ከዚሁ ነው። ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ እናቶችም የወይዘሪት ሜሰንን ሥርዓት መሠረት አድርገው፥ በየዓመቱ የሚነበቡትን መጻሕፍት ለየሳምንቱ ከፋፍለው፥ አምብልሳይድ ኦንላይን በተባለ ድረ ገጽ በነጻ አውጥተዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፥ አንዲት እናት ብቻዋን ልትሸከመው የማትችለው ሥራ በብዙዎች እጅ ቀሊል ሆነ።

ነገር ግን የመጻሕፍት መብዛት ብቻውን ልጅን አያስተምርም። የመጽሐፍ ዝርዝር ሲሰበስብ የሚያመሽ ወላጅ በማግሥቱ አንዱንም ለልጁ ሳያነብለት ቢውል፥ ጎተራው ሞልቶ ምጣዱ ያልተጣደበትን ቤት ይመስላል። ስለዚህ ከሚካፈለው ሁሉ የሚበልጠው የአሠራሩ ምክር ነው። የወይዘሪት ሜሰን ዘዴ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይኸውም ጥሩ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ ልጁም የሰማውን በራሱ ቃል ይተርካል፤ ለታናናሾችም አንዱ ትምህርት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያም ልጁ ጥቂት መሥመር በጥንቃቄ ይገለብጣል፤ ከፍ ሲል አስቀድሞ ያጠናውን ክፍል እየተነገረው ይጽፋል፤ ዕድሜው ወደ 10 ዓመት ሲጠጋም በአፉ ይተርክ የነበረውን በብዕሩ ይተርካል። በዚህ ዓይነት ድርሰት ከማዳመጥና ከመናገር ይወለዳል።

ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ የአብነት ተማሪም የተቀበለውን ቀለም መልሶ ለመምህሩ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ልዩነቱ በአብነት ቤት ቃሉ ሳይለወጥ ሲጠና፥ በዚያኛው ዘዴ ልጁ በገዛ ቃሉ መናገሩ ነው። አንዱ የተቀበሉትን ሳያፋልሱ መጠበቅን፥ ሌላው የተረዱትን ማስረዳትን ያስለምዳል፤ ለልጅም ሁለቱም ያስፈልጉታል።

በማካፈል ረገድ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። የሌላውን ድካም ያለ ፈቃድ ማደል ቸርነት አይባልም፤ በኢትዮጵያም ሕግ የደራሲ የገንዘብ ጥቅም ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የልጅን ስምና ሥዕል ከድርሰቱ ጋራ በአደባባይ ማውጣትም አይገባም፤ ልጁ ሲያድግ ሊመልሰው አይችልምና። ዛሬ ደግሞ በትእዛዝ ብቻ ድርሰት የሚጽፉ መሣሪያዎች ስለ ተገኙ፥ መሣሪያው ለልጁ ቢጽፍለት የሚለምደው መሣሪያው እንጂ ልጁ እንዳልሆነ ወላጅ ሊያስተውል ይገባዋል። እንዲሁም ቤት የተዘጋ በር ስለ ሆነ፥ በቤት ይማራል የተባለው ልጅ በእውነት መማሩን መጠየቅ የሹማምንት ግዴታ ነው፤ ይህ ጥያቄ የተጋውን ወላጅ አያስከፋውም።

በኢትዮጵያ የተለመደው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉና ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን በተሰጠ ጊዜ፥ ብዙ ወላጅ ሳያስበው በቤቱ መምህር ሆኖ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማታ ማታ ፊደል ያስቈጥራሉ፤ በእንግሊዝኛ የተትረፈረፈው የንባብና የጽሕፈት መልመጃ ግን በአማርኛ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መልካም የጽሕፈት መልመጃ ያዘጋጀ መምህር፥ ንባቡ የጠራ ካህን፥ መጻሕፍት በእጁ ያሉ ሹም ያለውን ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ቢያካፍል፥ በሩቅ አገር ከልጁ ጋራ ከሀ እስከ ፐ ለሚደክም ወላጅ ታላቅ እርዳታ ይሆንለታል።